መጽሐፉን የምንዘጋበት ሌሊት



የፋይናል ፈተና ሊጀመር ሲል ስለ ሌሊት ጥናት ንግግር እንዳደርግ ስትጋብዙኝ የምትጠብቁት ነገር ሳይገባኝ አልቀረም። ግማሾቻችሁ «በጊዜ ተኙ፣ ሌሊት አታጥኑ» ብዬ እንድመክር፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ እንቅልፍን ድራሹን የሚያጠፋ ዘዴ ይዤ እንድመጣ ነው። ሁለቱንም አልያዝኩም። ተማሪ ለምን ሌሊቱን እንደሚመርጥ አውቃለሁ። ስድስት ሆናችሁ በምትኖሩበት ዶርም ውስጥ ቀን ማጥናት ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል፤ አንዱ ልብስ ያሰጣል፣ አንዱ በስልኩ ኳስ ያያል፣ አንዱ ከላይኛው አልጋ እግሩን አንጠልጥሎ ያንጎራጉራል። በዚያ ላይ ክላስ አለ፣ ላብ አለ፣ የካፌ ሰልፍ አለ። ግቢው ጸጥ የሚለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ወዲያ ነው። ስለዚህ ጋቢውን ደርቦ፣ ነጠላ ጫማውን አድርጎ፣ ሃንድአውቱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ላይብረሪ የሚያዘግመውን ልጅ አልወቅሰውም።

የምወቅሰው እዚያ ከደረሰ በኋላ የሚሠራውን ነው። ሃንድአውቱን ይገልጣል። ከገጽ 1 ይጀምራል። በቢጫ ማድመቂያው እያሰመረ ይወርዳል፤ 7 ሰዓት ሲሆን ገጹ ከነጭነቱ ቢጫነቱ ያመዝናል። 8 ሰዓት ላይ አንዱን መስመር ሦስቴ ያነበዋል። 9 ሰዓት ላይ ዓይኑ መስመሩ ላይ አለ፣ እሱ የለም። ከዚያ «ሁለቴ ጨረስኩት» ብሎ ረክቶ ወደ ዶርሙ ይመለሳል። ስንቴ እንደጨረሰ ቆጥሯል፤ ምን እንደቀረለት ግን ራሱን አልጠየቀም። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ የሚወጣ ነው። ማንበብ የቀን ሥራ ነው። ሌሊት መጽሐፍ ይዘጋል።

አስተማሪ ስለሆንኩ የዚያን ቢጫ ሌሊት ውጤት የማየው ፈተና ሳርም ነው። አንድ ጊዜ ያረምኩት የመልስ ወረቀት አይረሳኝም። ተማሪው ጥያቄውን በሃንድአውቱ ቃል መልሶታል፤ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልጎደለም። መሀል ላይ ሲደርስ «ከታች ባለው ሥዕል እንደሚታየው» ብሎ ጻፈ። ከታች ሥዕል የለም፤ ሥዕሉ ያለው ሃንድአውቱ ላይ ነው። የሚቀጥለው ጥያቄ ያንኑ ሐሳብ በቁጥር እንዲሠራው ይጠይቀዋል፤ ባዶውን ተወው። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። እንዲህ አድርጎ ለመሸምደድ ስንት እንቅልፍ እንዳጣ ሳስብ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረጉ ራሱ ከበደኝ።

በየመንገዱ ሰላም የምንለው የሰፈራችን ሰው አለ፤ መልኩን ካየነው እናውቀዋለን፣ ስሙን ጥሩ ብንባል ግን እንቸገራለን። ደጋግሞ ማንበብ ከትምህርቱ ጋር እንዲህ ያለውን ትውውቅ ነው የሚፈጥረው። ፈተና ደግሞ ስሙን ጥሩ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ይህንን በእናንተው መሰል ተማሪዎች ላይ ፈተሹት። አንደኛው ቡድን አጭር ጽሑፍ ተሰጥቶት በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላኛው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ አነበበና በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተደረገው ፈተና አንባቢዎቹ በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ ያነበቡት 40 በመቶ፣ እያስታወሱ የጻፉት 61 በመቶ አስታወሱ። እኔን የገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። አስቀድመው «ከሳምንት በኋላ ምን ያህሉን የምታስታውሱ ይመስላችኋል?» ተብለው ሲጠየቁ ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ከላይብረሪ ረክቶ የሚመለሰው ልጅ የሚረካው ለዚህ ነው፤ ሲያስታውስ የታገለው ደግሞ ምንም ያላጠና መስሎት እየተብሰለሰለ ይተኛል።

ይህንን ለማወቅ ሴንት ሉዊስ ድረስ መሄድ ግን አያስፈልግም ነበር። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ንባብ የቀን፣ የቃል ትምህርት የማታ ነው። ልጆቹ በቀን ብርሃን ፊደል ይቆጥራሉ፣ ዳዊት ይደግማሉ፤ ሲመሽ የኔታ ውዳሴ ማርያሙን ወይም መልክአ ኢየሱሱን በቃላቸው ይሰጣሉ፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። በማግስቱ ማታ ተማሪው የያዘውን ከራሱ አውጥቶ ያሰማል፤ ሲሳሳት የኔታ ከተቀመጡበት ሆነው ያርሙታል። ምክንያቱ ተራ ነው፤ ብራና ውድ ነው፣ መብራት የለም። ችግር ያመጣው ሥርዓት ግን ትክክለኛው ሆኖ ተገኘ። በጨለማ መጽሐፍ ማየት ስለማይቻል ልጁ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከራሱ ውስጥ ይፈልጋል። ቁርኣን በቃላቸው የሚይዙ ደረሶችም እንዲሁ ናቸው፤ የያዙትን ኡስታዛቸው ፊት ተቀምጠው ከትዝታ ያቀራሉ እንጂ «አንብቤዋለሁ» ብለው አያልፉም።

አዎ፣ አውቃለሁ፤ ይኸው ባህል ሽምደዳን አወረሰን ተብሎ የሚወቀስ ነው። ወቀሳው ከፊሉ እውነት ነው። ግን የወቀሱት ሰዎች ቅኔ ቤትን ረስተውታል። ቅኔ ቤት የሰማኸውን መልሰህ ብትል ማንም አይቀበልህም፤ የቆጠርከው ቅኔ የራስህ፣ አዲስ መሆን አለበት። እኛ ከየኔታ ቤት ሽምደዳውን ወሰድንና ከመጽሐፍ ተለይቶ ማሰብን ትተን መጣን ብል አላጋነንኩም።

እንግዲህ በተግባር ምን ይመስላል? ኢኮኖሚክስ የሚማር ልጅ እንውሰድ፤ ነገ የዋጋና የፍላጎት ግንኙነት ሊፈተን ነው እንበል። ቀን፣ በሁለት ክላስ መሀል ባለችው ክፍት ሰዓት፣ ኢላስቲሲቲ የሚለውን ምዕራፍ አንብቧል። ሌሊት ላይብረሪ ሲገባ ሃንድአውቱን ከቦርሳው አያወጣም። ባዶ ወረቀት ያወጣል። ከላይ «ኢላስቲሲቲ» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ዝም። መጀመሪያ ያለው ዝምታ ያስፈራል፤ ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ነው እጃችሁ ወደ ቦርሳው የሚሄደው። አይሂድ! ቀመሩን ይሞክር፤ የብዛቱ ለውጥ በመቶኛ ከላይ ነው ከታች? መስመሩን ይሣል። ጨው ዋጋው በእጥፍ ቢጨምር እናቱ የምትገዛውን ጨው ትቀንሳለች ወይ? የለስላሳውስ? ጨውና ለስላሳ ለምን ተለያዩ? ይህንን በራሱ ቃል ይጻፍ። እስክሪብቶው ሲቆም ያቆመበት ቦታ ላይ ክብ ያድርግ። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ሞክሮ ሲያበቃ ብቻ ሃንድአውቱን ያውጣና ክብ ያደረገባቸውን ቦታዎች ብቻ ይመልከት፤ ዘግቶ ደግሞ ይሞክራቸው። ሁለት መቶ ገጽ የነበረው ጥናት አምስት ክብ ሆኖ ይቀራል። አምስት ክብ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አፍ ነው። የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙዎቻችን ደግሞ የእንግሊዝኛውን ዐረፍተ ነገር እንደ ጸሎት ይዘን ሐሳቡን ሳንነካው እናልፋለን። ሥዕል የሌለው ወረቀት ላይ «ከታች ባለው ሥዕል» ያሰኘው እሱ ነው። ስለዚህ ሌሊት ከጓደኛችሁ ጋር ስትቀመጡ ትምህርቱን ቤታችሁ በምትናገሩት ቋንቋ አስረዱት፤ በአማርኛም ይሁን፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሲዳምኛም። ቃሉ ከጠፋባችሁ ችግር የለውም፣ እንግሊዝኛውን ጣል አድርጋችሁ እለፉ። ሐሳቡ ከጠፋባችሁ ግን አልገባችሁም ማለት ነው፤ ይህንን ከፈተናው በፊት ማወቅ መታደል ነው። ጓደኛችሁም «እሺ፣ እሺ» ብቻ አይበል፤ «ለምን?» ይበል። የግቢ ጥናት ቡድን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንዱ ቀለሜ ሲያስተምር አራቱ ራሳቸውን ስለሚነቀንቁ ነው። ተራው የሚገባው ላልገባው ልጅ ነው፤ ቀለሜው አድማጭ ይሁን።

መብራት ሲጠፋ ላይብረሪው ውስጥ የሚሰማውን «ኡ...!» ታውቁታላችሁ። ከእንግዲህ ያን ጊዜ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ስልካችሁን አታብሩ። ያጠናችሁትን በጨለማ እርስ በርስ አሰሙ። የኔታ የሚያውቁት ሰዓት ነው።

አሁን ወደምትጠብቁት ልምጣ፤ እንዴት ነቅተን እንቆይ?

በሳፋ ውኃ ቀድቶ እግርን መንከር በአገራችን የማያውቀው ተማሪ የለም። አያቶቻችሁም አባቶቻችሁም አድርገውታል። እንደ ቀልድ እናነሳዋለን እንጂ መሠረት የሌለው ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ የእንቅልፍ ተመራማሪዎች እጅና እግሩ የሞቀ ሰው ቶሎ እንቅልፍ እንደሚወስደው አሳይተዋል፤ ሰውነት ለመተኛት ውስጡን የሚያቀዘቅዘው ሙቀቱን በእጅና በእግር በኩል እያስወጣ ነውና። እግሩን ያቀዘቀዘ ያንን በር ይዘጋዋል። ግን የሚዘጋው በሩን ብቻ ነው፤ ከጥዋት ጀምሮ የተጠራቀመውን ድካም ሳፋው አያወጣላችሁም። በዚያው በቀዘቀዘ እግር አልጋ ላይ ብትወጡ ደግሞ ሲገላበጡ ማደር ነው። ስትጨርሱ አድርቁት፣ ካልሲ አድርጉ።

ቡናን በተመለከተ እንደ ኢትዮጵያዊ ብዙ መናገር ይከብደኛል። ነቅተን ስንውል በአንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይከማቻል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለን እሱ ነው። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዛል፤ አዴኖሲኑ ግን አልሄደም፣ ቆሞ ይጠብቃል። ካፌይኑ ሲለቅ አንድ ላይ ይገባል። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ውስጣችሁ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ ከመተኛታቸው 6 ሰዓት አስቀድመው 400 ሚሊግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ አጥተዋል። ቡናችሁን ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ጠጡ። የግድ ማታ ቡና የተፈላበት ቤት ከተገኛችሁ፣ አቦሉን ለሌላው ትታችሁ በረካው ላይ ድረሱ፤ ያኔ ቡናው ከስሙ በቀር ብዙም አልቀረውም።

ጫትን ሳላነሳ ባልፍ ግማሹ አዳራሽ ይታዘበኛል። ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ እንቅልፍ ያባርራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ምርቃና ላይ ያለ ልጅ የሚያነበው ሁሉ የገባው ይመስለዋል፤ በተለይ ያልገባው። ከላይ ያልኳችሁን የውሸት እርካታ ጫት በእጥፍ ይሸጥላችኋል። ሲለቀው ድብርቱ ይመጣል፣ እንቅልፉ እምቢ ይላል፣ ለመስበር ጨብሲ ይፈለጋል፤ ጥዋት የፈተና አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ማታ ያጠናው ሰው አይሆንም። ከዚህ በላይ አልሰብክም።

ለሆድ፣ በሶ በጥብጡ፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዙ። ውኃ ጠጡ።

እንቅልፍ ላይ ግን ልቆይ ነው፤ ምክንያቱም የጥናቱ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎችን ላብራቶሪ ውስጥ እያሳደሩ ትርጉም የለሽ ቃላት አሥር አሥር እያደረጉ አስያዟቸው። ይዘው ከተኙ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ግማሽ ያህሉን ያስታውሳሉ፤ ይዘው ነቅተው ከዋሉ፣ አንድ ያህል ብቻ። ዛሬ ከዚያ የበለጠ እናውቃለን፤ ጥልቁ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ ላይ ይበዛል፣ ሕልም የምናይበት ደግሞ ወደ ንጋት ይረዝማል፤ ሁለቱም ቀን የተማርነውን በማደላደል ድርሻ አላቸው። እንግዲህ ከ6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የተኛ ልጅ እያጠና ነው። እሱ አያውቀውም፣ አንጎሉ ግን ሥራ ላይ ነው።

ያልተኛውስ? ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት ለ17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው፤ ለ24 ሰዓት የቆየ ደግሞ ወደ 0.10 ይጠጋል። በእኛ ሰዓት እንቁጠረው። ከጥዋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ተማሪ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ መጠጣት ጀምሯል። እስከ ጥዋቱ 12 ሰዓት ካልተኛ ደግሞ ሰክሮ ነው ወደ ፈተና የሚገባው፤ ያውም ሳይጠጣ። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የሰውነት ሙቀት ዝቅ የሚልበት ሰዓት ስለሆነ የሠለጠነ ወታደርም ይከብደዋል። ያን ሰዓት ለመጽሐፍ አትስጡት። ምርጫ ካላችሁ እስከ 6 ሰዓት አጥንታችሁ ተኙ፣ 11 ሰዓት ላይ ተነሱና ክብ ያደረጋችሁባቸውን ብቻ እንደገና ሞክሩ።

አንዳንዶቻችሁ «እኔ ገና ምንም አላየሁም፣ ፈተናው ነገ ጥዋት ነው» ትላላችሁ። ይህም ይሆናል፤ ቤተሰብ ይታመማል፣ ሰው ይሞታል፣ ወይም ዝም ብሎ ሴሚስተሩ ያመልጣል። እንዲህ ከሆነ ሁሉንም ለማንበብ አትነሱ። የኮርስ አውትላይኑን አውጡ፣ መምህሩ ክላስ ውስጥ ደጋግሞ ያነሳቸውን ሦስት አራት ርዕሶች ምረጡ፣ እያንዳንዱን አንዴ አንብባችሁ ወዲያው ባዶ ወረቀት ላይ ሞክሩት። ከዚያ ለአራት ሰዓትም ቢሆን ተኙ። የቀረውን ርዕስ ተውት። ምሕረት የሌለው ምክር ይመስላል፤ ግን ሁሉንም ሊነካ ሲል ሁሉንም ያጣ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። አጤሬራ ለመጻፍ የምታጠፉት ጊዜ ደግሞ፣ ወረቀቷን ዶርም ጥላችኋት ብትገቡ፣ ራሱ ጥናት ይሆናችሁ ነበር።

እዚህ የአስተዳደር ሰዎችም ስላሉ አንድ ነገር ልበል። ሴት ተማሪዎች ከላይብረሪ ወደ ዶርም ሲመለሱ የሚያልፉበት መንገድ ላይ አምፖል መቀየር የመማር ማስተማር ሥራ ነው። ሴቶቹን «በጊዜ ግቡ» ማለት መልስ አይሆንም። ተማሪዎችም ቢሆኑ ሲመለሱ ጓደኛ ጠብቀው ቢሄዱ ጥሩ ነው። ዶርም ውስጥ ደግሞ፣ ለሚተኛው ሲባል መብራቱ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ፈተና ሳይደርስ ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ በፈተና ዋዜማ በመብራት የሚነሳ ጠብ ለሁለቱም ወገን ግሬድ አያወጣም።

የመጨረሻው ነገር የመውጫ ፈተናው ነው፤ ተመራቂዎች በዚህ እንደተጨነቃችሁ አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ እሱ መመረቅ የለም፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ጥያቄው ደግሞ ከበርካታ ዓመታት ኮርሶች የተውጣጣ ነው። ይህን ፈተና በአንድ ሌሊት የሚያልፍ ሰው የለም፤ የሁለተኛ ዓመቱን ሃንድአውት አቧራ አራግፎ ከገጽ 1 የሚጀምርም ሳያልቅለት ቀኑ ይደርሳል። የየኔታን መንገድ ለዚህ ተጠቀሙበት። በየማታው አንድ ኮርስ፣ አንድ ባዶ ወረቀት። ያንን ኮርስ በወሰዳችሁበት ሴሚስተር እንዲሁ አድርጋችሁ ከነበረ ብዙው ሳይጠራ ይመጣል። ካላደረጋችሁ፣ ክቦቹ ይበዛሉ፤ ቢያንስ ግን የት የት እንደሆኑ ታውቃላችሁ። የፍሬሽማን ልጆች ደግሞ ይህን የምትሰሙት በደህናው ጊዜ ነው፤ አራት ዓመት አላችሁ።

ጥዋት የፈተና አዳራሽ በር ላይ «ይቺን አይታችኋታል?» እያለ ሃንድአውት የሚገልጥ ጓደኛ አይጠፋም። ሰላም በሉትና ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር፣ ነገ ጥዋት 2 ሰዓት ፈተና ያለበት ግን ይቅደም።